የስንዱ ባር የጓሮ በር

ዕድሜዬን ሙሉ እንጀራዬን የበላሁት በፍርሃት ነው። ሌላ ሰው ወደ አንድ ቤት ሲገባ ወንበሩን፣ ሰዉን፣ የሚቀርበውን ያያል። እኔ የማየው እሳቱ ከየት እንደሚነሳና ሰዉ በየት እንደሚወጣ ነው። ሥራውን ትቼ እንኳ፣ ካምፓላ ውስጥ ካንሳንጋ በሚባል ሰፈር በተከራየኋት ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ስል፣ ከማዶ ቻፓቲ የሚሉትን ቂጣ የሚጋግረው ልጅ ከሰሉን ሲያራግብ ዓይኔ ከእጁ አይነቀልም። ነፋሱ ወደ ላስቲክ ጣሪያው ሲዞር ተነስቼ እቆማለሁ።

ገና ጎረምሳ ሳለሁ አዲስ አበባ ውስጥ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። የመጀመሪያው አለቃዬ ቁጡ ሻምበል ነበሩ። ቱቦ የሚጎትት ሰው እግሩ ትንሽ ከዘገየ፣ «እሳቱ ይጠብቅሃል ወይ?» ብለው ይጮሃሉ። ከእሳቸው መሮጥን ተማርኩ። ቆም ብሎ ማየትን የተማርኩት ግን ካምፓላ ከመጣሁ በኋላ ከሙዜ ኪዛ ነው። ሙዜ እዚህ አገር ለሽማግሌ የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ነው፤ እኛ ጋሼ እንደምንለው። እኔና እሳቸው የእሳት ማጥፊያ በሚሸጥና በሚያድስ የአንድ ህንዳዊ መደብር ውስጥ አብረን ሠራን። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ማቶኬ ለሚሉት የሙዝ ገንፎ ይበቃ ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ የማወራው የለኝም።

ሙዜ ኪዛ ቀጭን፣ ረጅም፣ አንድ ጆሯቸው ጥንት በእሳት የተሸበሸበ ሰው ነበሩ። የዱቄት ማጥፊያ ግድግዳ ላይ ብዙ ጊዜ ተሰቅሎ ሲቆይ ዱቄቱ ከታች ይረጋና እንደ ሲሚንቶ ይጠጥራል። የግፊት መለኪያው መርፌ ግን አረንጓዴው ላይ ነው፤ ባለቤቱ እሱን እያየ ልቡን ጥሎ ይኖራል። ሙዜ ሲሊንደሩን ገልብጠው ቂጡን በጎማ መዶሻ መታ መታ ያደርጉና ያንን የተሸበሸበ ጆሯቸውን ይለጥፉበታል። ዱቄቱ ውስጥ ለውስጥ እንደ አሸዋ ሽር ካለ ይመልሱታል። ሽር ካላለ፣ ማንም ምንም ቢል፣ ይዘውት ይወጣሉ።

አንድ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ አይናገሩም። ሰላም የሚላቸውን ሰው እጃቸውን አንስተው ዝም ያሰኙትና አፍንጫቸውን ቀና አድርገው ይቆማሉ። ከዚያ ሶኬቱን ሁሉ በእጃቸው ጀርባ ይዳስሳሉ፤ የእጅ ጀርባ ከመዳፍ ይልቅ ሙቀት ያውቃል። ከዚያ ከሠራተኞቹ አንዱን ጠርተው፣ «መብራቱ ቢጠፋና ጭስ ቢገባ ወዴት ትሮጣለህ?» ይሉታል። ሰው ሁሉ የሚጠቁመው የገባበትን በር ነው። ሌላ በር አጠገቡ እያለ እንኳ የገባበትን ይጠቁማል። በመጨረሻ ሙዜ ይንበረከኩና ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ግራ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው፣ እየዳኹ መውጫውን ይፈልጋሉ። ሰው ይስቃል። ሱሪያቸው ሁሉ ጉልበቱ ላይ የነተበ ነበር። እኔ መጀመሪያ አፍሬ ነበር፤ በኋላ የእኔም ሱሪ እንደዚያው ሆነ።

ወደ ጋባ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ አናጢ ቤት ተቃጠለ። ማጥፊያውን ያደስነው እኛ ነበርን። ሰው አልሞተም፤ ነገር ግን የሰውየው ሥራ ሁሉ አመድ ሆነ። ሙዜ አመዱ ውስጥ ሲዞሩ ቆይተው ማጥፊያውን ከጣውላ ክምር ጀርባ፣ ከክፍሉ ጥግ አገኙት። አንድ ጊዜ እንኳ አልተነካም። «ማጥፊያው ሙሉ ነው» አሉኝ። «እሳቱ በመሃል ገብቶ ሳለ ሰውየው በየት አድርጎ ይድረስበት?» ከዚያ ቀን ወዲህ ማጥፊያ የምንሰቅለው በር አጠገብ ብቻ ሆነ። እኔም ከማጥፊያው በፊት መንገዱን መፈለግ ጀመርኩ።

ሙዜ እያረጁ ሲሄዱ የክፍለ ከተማው ምክር ቤት የፈቃድ ኮሚቴ በውል ወሰደኝ። ምግብ ቤት፣ መጋዘን፣ ባር ፈቃድ ሲጠይቅ ወይም ጎረቤት አቤቱታ ሲያቀርብ፣ ሄጄ አይቼ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ። ወሳኞቹ እነሱ ናቸው። ኮሮና የመጣው እዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። ባር ሁሉ ተዘጋ። በሁለተኛው ዙር ሙዜ ኪዛን በሽታው ወሰዳቸው፤ ቀብራቸው ላይ መቆም አልተፈቀደልንም። ወዲያው እኔም ታመምኩ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነኝ። በዚያን ጊዜ ስንዱ ባትኖር ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

ስንዱ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። ካንሳንጋ ላይ፣ ከሱቆች በላይ ባለው ፎቅ፣ ባርና ጥብስ ቤት ከፍታ ስትኖር ከእኛ ሰው የእሷን ሳህን ያልቀመሰ የለም። አዲስ መጤ ሲደርስ ማደሪያ የምትፈልግለት እሷ ናት። ሰው ሲሞት ድንኳን የምታስተክለው እሷ ናት። በታመምኩ ጊዜ የባሯ ጠባቂ ኦኬሎ በየዕለቱ ሾርባ ይዞ ይመጣና በሩ ላይ አስቀምጦ፣ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ እኔ መጥቼ እስካነሳው ይጠብቅ ነበር። ኦኬሎ ከሰሜን የመጣ ቁመተ ረጅም፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነው። «ሙዜ፣ ሁሉንም ጠጣ፤ ማዳም ባዶ ዕቃ ነው የምትፈልገው» ይለኛል።

በፈረንጆቹ 2022 መጀመሪያ ባሮች እንደገና ሲፈቀዱ ለኮሚቴው አቤቱታ መጣ። ከስንዱ ባር ጀርባ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ ያቀረቡት፤ ሙዚቃውንም፣ ከግቢያቸው በላይ የተንጠለጠለውን ሽቦም ጠቅሰው። ሄደህ እይ ተባልኩ። ስሟን ስሰማ ሌላ ሰው እንዲሄድ መጠየቅ አማረኝ። ግን ሌላ ሰው አልነበረም።

በጠዋት ሄድኩ። ስንዱ ገና ከደረጃው ስወጣ ኮቴዬን ለይታ፣ «ጋሽ መኮንን! ተሻለህ? ና ግባ! ኦኬሎ፣ ለጋሼ ወንበር!» አለች። እኔ ገብቼ እንደ ሙዜ ኪዛ አፍንጫዬን ቀና አድርጌ ቆምኩ።

«ምነው? ሰላም እንኳ አትለኝም?»

ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ ቀይ ከፈይ ለብሷል። መስኮቶቹ የሉም፤ ከከፈዩ በስተጀርባ ቀርተዋል። በጣቴ ስጫነው ወደ ውስጥ ገባ።

«ውስጡ ምንድን ነው?»

«ስፖንጅ ነዋ! የፍራሽ ስፖንጅ። ሎክዳውን ጊዜ ተደብቄ ስሠራ ሙዚቃው ውጭ እንዳይሰማ ያስለጠፍኩት ነው። በኋላ ከፈይ አለበስኩት። አያምርም?»

«ያምራል» አልኳት። የፍራሽ ስፖንጅ ሲቃጠል አይቻለሁ። እንደ ቅቤ እየቀለጠ፣ እየነደደ ይንጠባጠባል። ጭሱ ጥቁር ነው፤ ጥቂት የሳበው ሰው ጉልበቱ ይከዳዋል። እሷም፣ ደንበኞቿም፣ ኦኬሎም የሚቀመጡት እዚያ ውስጥ ነው።

ወደ ጓሮ የሚያወጣውን በር ፈለግሁት። ላሜራ ነው፤ ዙሪያውን በብየዳ ተዘግቷል።

«ይሄስ?»

«በዚያ በኩል ፖሊስ ገብቶ ደንበኞቼን ለቅሞ ወሰደብኛ። አስበየድኩት።»

«አሁን እኮ ተፈቅዷል።»

«አሁን ደግሞ ጠጥተው ሳይከፍሉ በዚያ ይሾልኩብኛል።»

ሶኬቶቹን በእጄ ጀርባ ዳሰስኩ። ከአምፕሊፋየሩ ኋላ ኤክስቴንሽን ላይ ኤክስቴንሽን ተሰክቷል፤ ገና በጠዋቱ ሞቋል። ኦኬሎን ጠርቼ፣ መብራት ቢጠፋ ወዴት እንደሚሮጥ ጠየቅሁት። አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀና ወደ ፊት ለፊቱ ደረጃ ጠቆመኝ። ከዚያ ተንበርክኬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እየዳኽኩ ሄድኩ። ወንበር መታኝ፣ ሽቦ ጠለፈኝ፣ የጠርሙስ ሣጥን ላይ ተጋጨሁ። ስንዱ፣ «ጋሼ ምን ነካህ! ጠበል ልርጭብህ?» እያለች ትስቃለች። ደረጃው ጋ ስደርስ ተነሳሁ።

«ስንዱ፣ ይህን ስፖንጅ አንሺው። በሩንም ክፈቺው።»

ሳቋ ቆመ። «ሁለት ዓመት ሙሉ እንዴት እንደኖርኩ ታውቃለህ። ገና ቀና ስል ግድግዳሽን አፍርሺ ትለኛለህ? ይሄ ሁሉ ሠራተኛ ምን ይብላ? እሳት እስከ ዛሬ አልነካኝም።»

«እስከ ዛሬ።»

«ለኮሚቴው ምን ልትል ነው?»

«ያየሁትን።»

ስንዱ ዞረች። ከዚያ ከባንኮኒው ጀርባ፣ ዕቃ ከሚታጠብበት አጠገብ፣ ከፈዩን ገልጣ አንድ ቁራጭ ስፖንጅ ገነጠለችና ሰጠችኝ። «እንካ። ወስደህ አሳያቸው። እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም።»

ቤቴ ወስጄ ከዳር ትንሽ ቆርጬ በቆርቆሮ ላይ ለኮስኩት። ቦግ ብሎ ነደደ፤ ግቢው በጥቁር ጭስ ተሞላ፣ የጎረቤት ሴቶች ጮሁብኝ። የቀረውን ለስብሰባው በላስቲክ ጠቀለልኩ።

የፈቃድ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ ናሉቤጋ ናቸው፤ ጠበቃ ናቸው፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሰው ሲናገር የማያቋርጡ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የስንዱ ሠራተኞች ንጹሕ ለብሰው በአንድ ረድፍ ተቀምጠዋል። ከባሩ ጀርባ የምትኖር አንዲት እናት ተነስታ፣ «ልጆቼ ከዚያ ግድግዳ ሥር ነው የሚጫወቱት፤ ሽቦው ሲፈነጥቅ አይቻለሁ» አለች። አንድ የምክር ቤት አባል ተነስቶ ደግሞ፣ «ሁለት ዓመት አስርበናቸዋል። ዛሬ በምን አፋችን እንደገና ዝጉ እንላቸዋለን?» አለ። ይህም እውነት ነበር። ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ተራዬ ሲደርስ ሁሉም ወደ ግቢው እንዲወጡ ለመንኩ። ስፖንጁን ቆርቆሮው ላይ አስቀምጬ ክብሪት ጫርኩ።

አልነደደም። ጠርዙ ጠቆር አለ፣ ትንሽ ሽታ ሰጠ፣ ጠፋ። ሌላ ክብሪት ጫርኩ። ተርከክ ብሎ እንደገና ጠፋ። እቤት የለኮስኩት የደረቀውን ዳር ነበር፤ ይህኛው ከሎክዳውን ጀምሮ የዕቃ ማጠቢያ ውኃ የጠጣው መሃሉ ነው። ይህን የተረዳሁት እዚያው ቆሜ፣ በጣቴ ስጫነው እርጥበት ሲወጣ ነው። መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ያ የምክር ቤት አባል፣ «መሐንዲሳችን ይህን ቢለጥፉበት ኖሮ ከተማው ሁሉ ከእሳት ይድን ነበር!» አለ። «ረጥቦ ነው! እቤት ስለኩሰው ነድዷል!» ብዬ ብጮህም ሳቁ ውጦኝ ቀረ። ሰላሳ ዓመት የተማርኩት ሙያ በአንድ እርጥብ ስፖንጅ ፊት ከንቱ ሆነ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያን ቀን ተሸንፌ አላውቅም።

ያልሳቁት ወይዘሮ ናሉቤጋ ብቻ ነበሩ። ወደ አዳራሹ ከተመለስን በኋላ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አቶ መኮንን፣ ስፖንጁን ተዉት። እርስዎ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ በሰው ሞልቶ ሳለ፣ እዚያ ውስጥ ይቀመጣሉ?»

«አልቀመጥም፣ እመቤቴ።»

«ለምን?»

«መውጫው አንድ ነው። እሱ ከተያዘ ሌላ የለም። እኔ እፈራለሁ።»

ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ ወሰኑ። ባሩ ይሥራ፤ የጓሮው በር ግን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይከፈት፣ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት ይሁን። ስፖንጁ አደገኛ መሆኑ ስላልተረጋገጠ ባለቤቷ አቅሟ በፈቀደ መጠን ቀስ በቀስ ታንሳው። ወይዘሮ ናሉቤጋ ስፖንጁም ወዲያው ይነሳ ብለው ነበር፤ በድምፅ ተሸነፉ። ስለ ሽቦው የተወሰነ ነገር አልነበረም።

ውጭ ስንዱ ጠበቀችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። «ሰው ፊት እሳት ለኩሰህ ልታዋርደኝ? በታመምክ ጊዜ ሾርባ የላከችልህ እጄ ትቆረጥ!» አለችኝ። ወሬው ካንሳንጋን ሞላው። ከቅዳሴ ወጥቼ ሰላም ስል እጁን ኪሱ የሚከት ሰው በዛ። ምሳ ከምበላበት ቤት አስተናጋጇ ሳህኑን አስቀምጣ ቃል ሳትናገር ትሄዳለች።

እኔ ግን ከሰው ኩርፊያ ይልቅ ሌላ ነገር ነበር የሚያስጨንቀኝ። የቀረበልኝን ሳልበላ እነሳለሁ። ከባድ መኪና ሲያልፍ እደነግጣለሁ። ምክንያት እየፈጠርኩ በባሩ ጀርባ አልፋለሁ፤ በሩ መከፈቱን ለማየት። ተከፍቶ ነበር። ስንዱ እየረገመችኝም ቢሆን ብየዳውን አስቆርጣ መቀርቀሪያ አስገብታለታለች። ሳይከፍል የሚሾልክ እንዳይኖርም ኦኬሎን እዚያ በር ላይ አስቀመጠችው። ከበሩ ወደ ጓሮ በሚወርደው የብረት ደረጃ ጫፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከሩቅ ሲያየኝ ይነሳና በሩን ከፈት፣ ዘጋ፣ ከፈት አድርጎ ያሳየኛል። «ሙዜ፣ ይሠራል! ሂድ፣ ብላ!» ይለኛል። ያኮረፈኝ ሰው ሁሉ መሃል እሱ አላኮረፈኝም። ስፖንጁ ግን እንዳለ ነበር። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ ስለ እሱ ስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ፤ «ማዳም ከፋሲካ በኋላ ትላለች» አለኝ።

ቅዳሜ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ። ኳስ ስለነበረ ሰፈሩ ሁሉ ከየቴሌቪዥኑ ፊት ተሰብስቧል። እኔ ግቢዬ ውስጥ ልብስ አሰጣ ነበር። እርጥብ ሸሚዝ በእጄ ይዤ ሽታው መጣ። ጣፋጭ፣ አፍ ውስጥ የሚቀር፣ እቤት ስፖንጁን ቆርቆሮ ላይ በለኮስኩት ጊዜ የሸተተኝ ሽታ። ጩኸት ገና አልተሰማም ነበር። ሸሚዙን ጥዬ ሮጥኩ። እየሮጥኩ «ሌላ ይሁን፣ የሌላ ሰው ፍራሽ ይሁን» እያልኩ እጸልይ ነበር።

ከመታጠፊያው ስደርስ ከፊት ለፊቱ ደረጃ ጥቁር ጭስ እንደ ወንዝ ይጎርፋል። በዚያ በኩል ሰው የለም። ወደ ጓሮ ዞርኩ። የብረቱ ደረጃ ላይ ሰው በሰው ላይ እየተደራረበ ይወርዳል፤ ያስላል፣ ይወድቃል፣ ይነሳል። ከላይ በሩ ላይ ኦኬሎ ቆሟል። ሸሚዙን አፉ ላይ ጠምጥሞ፣ ሰዉን በክንዱ እየሳበ ያወጣል። «በዚህ! በዚህ በኩል!» የሚለው ድምፁ ይሰማኛል። ከደረጃው ሥር ስንዱ ጸጉሯ ተበትኖ የሠራተኞቿን ስም ትጠራለች። «ሄለን!» «አቤት!» «ናምቢ!» «አቤት፣ ማዳም!» በየስሙ አንድ ድምፅ ይመልሳል። እኔ የወረዱትን ከግድግዳው እያራቅሁ ሜዳው ላይ አስቀምጣለሁ።

በዚህ መሃል አንዱ፣ «መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሴት አለች!» ብሎ ጮኸ። ኦኬሎ ይህን ሰማ። ዞር ብሎ ገባ።

«ኦኬሎ፣ አትግባ!» ብዬ ጮህኩ። ሴትየዋ ቀደም ብላ ወጥታ ነበር፤ አጠገቤ ሣር ላይ ተቀምጣ ታስላለች። ደረጃውን ተወጣሁ። መሃሉ ጋ ስደርስ ጭሱ ፊቴን መታኝ፤ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ሁለት ሰዎች እግሬን ይዘው ጎትተው አወረዱኝ። በሩ በጥቁር ተሞላ። ስንዱ ትጠራለች። «ኦኬሎ! ኦኬሎ!» መልስ የለም። የእሳት አደጋ መኪናው ደርሶ፣ ውኃ ተረጭቶ፣ እሳቱ ጠፍቶ እንኳ እሷ ትጠራ ነበር። ኦኬሎን ያገኙት ከመጸዳጃው ደጃፍ ነው፤ እጁ ግድግዳው ላይ ነበር።

ሌላው ሰው ሁሉ ተረፈ። የምክር ቤቱ አባላት ያስከፈቱት በር አዳናቸው። ያስቆዩት ስፖንጅ ደግሞ አንድ ሰው ገደለ። እሳቱ የተነሳው ከአምፕሊፋየሩ ኋላ፣ ሞቆ ካገኘሁት ኤክስቴንሽን ነበር።

ኮሚቴው እንደገና ሲሰበሰብ፣ ግቢው ውስጥ የቀለደብኝ የምክር ቤት አባል ከመድረኩ ወርዶ ከኦኬሎ ታላቅ ወንድም አጠገብ ተቀመጠ፤ ስብሰባው እስኪያልቅ እጁን ይዞ ቆየ። ወይዘሮ ናሉቤጋ፣ «ዛሬ እዚህ የሚጠየቀው ባለቤቷ ብቻ አይደለችም። እኛም ድምፅ ሰጥተናል» አሉ። ስንዱ ተነሳች። ጠበቃ አላመጣችም። «ፈቃዴን ውሰዱት። በሩን ክፈቺ ስትሉኝ ረግሜያችሁ ነበር። ያን በር ባልከፍት ኖሮ ዛሬ ስንቱን እቀብር ነበር? ስፖንጁን ባነሳ ኖሮ ደግሞ ማንንም አልቀብርም ነበር» አለችና ተቀመጠች። ፈቃዱ ተሰረዘ። በክፍለ ከተማው ያለ ባር ሁሉ እንዲመረመር፣ ስፖንጅ የለጠፈ ሁሉ እንዲያነሳ ተወሰነ። ሥራው ለእኔ ተሰጠ።

እንቢ ለማለት አስቤ ነበር። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ባር ቀርቶ የራሴ ቤት ውስጥ በር ዘግቼ መቀመጥ አልቻልኩም። የመጀመሪያው ቤት ጋባ ነበር፤ ቦዳ በሚሉት ሞተር ብስክሌት ተሳፍሬ ሄድኩና ደጃፉ ላይ ቆሜ ሳልገባ ተመለስኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ስንዱ ደጄ ድረስ መጣች። ከስብሰባው ወዲህ አልተገናኘንም። ጥቁር ለብሳለች፤ ሰውነቷ ከስቷል። ወንበር ሰጠኋት፤ አልተቀመጠችም።

«ጋባ ሄደህ ተመለስክ አሉኝ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ባለቤቱን አውቀዋለሁ። ሽማግሌው ፈርቶ ሄደ እያለ ይስቃል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔም እንደዚያ ስቄብሃለሁ፣ ጋሼ።»

«ፈርቻለሁ፣ ስንዱ። አልዋሽሽም። እግሬ እንቢ አለኝ።»

«እኔም እፈራለሁ። ተነስ፣ አብረን እንሂድ።»

ሄድን። ባለቤቱ እሷን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ። ምንም አልሰበከችውም። «ኦኬሎን ታውቀው ነበር አይደል? ጠርሙስ ሊመልስልህ ይመጣ ነበር» አለችው ብቻ። ሰውዬው አንገቱን ደፋና በሩን ወለል አድርጎ ከፈተልን። ከውስጥ ጨለማ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ጨርቅ ለብሷል። ስንዱ ደፍ ላይ ቆመች። አንድ እግሯን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው።

«አልችልም» አለችኝ። «አንተ ግባ። እኔ እዚህ ሆኜ ስምህን እጠራለሁ። በጠራሁህ ቁጥር መልስልኝ። ከዘገየህ ግን እገባለሁ፤ ያኔ አልፈራም።»

ገባሁ። ተንበርክኬ ግራ እጄን ግድግዳው ላይ አደረግሁ። ጨርቁ በጣቶቼ ሥር ወደ ውስጥ ገባ።

«ጋሽ መኮንን!»

«አቤት!»

ትንሽ ዳኽኩ። የሞቀ ሶኬት፣ የወንበር እግር፣ የታሸገ መስኮት።

«ጋሽ መኮንን!»

«አቤት፣ ስንዱ! አለሁ!»